የናፍጣ ሞተር የርጭት ጊዜ፦ በገዛ እጅ ማስተካከል ወይስ ለመካኒክ መስጠት?



የናፍጣ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ፣ ሞተሩ የሚኒባስም ይሁን የወፍጮ፣ የጭነት መኪናም ይሁን የጄኔሬተር፣ አንድ ቀን ከአንድ ጥያቄ ፊት መቆሙ አይቀርም። ሞተሩ ኳኳታ አብዝቷል፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ይተፋል፣ አለበለዚያም ዳገት ላይ ጉልበቱ ከድቶታል። ያየው ሁሉ «ታይሚንጉ ተዛብቷል» ይለዋል። ታዲያ ባለ ንብረቱ መፍቻውን አንሥቶ ፖምፓውን በገዛ እጁ ይንካው? ወይስ ገንዘቡን ከፍሎ ለመካኒክ ይስጠው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የድፍረትና የገንዘብ ጥያቄ ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የልክ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ፖምፓው ከመነካቱ በፊት ቁጥሩ ስንት እንደ ነበረ፣ ስንትስ መሆን እንደሚገባው የሚያውቅ ማን ነው የሚል ነው። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው፣ ባለ ንብረትም ይሁን መካኒክ ወይም ዲግሪ የጫነ መሐንዲስ፣ ፖምፓውን ሊያዞር አይገባውም። ቁጥሩን የሚያውቅና ደጋግሞ ለክቶ ያረጋገጠ ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከሥራው አንዱን ክፍል በደኅና ሊፈጽም ይችላል።

በመሠረቱ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። ነዳጁ የሚቀጣጠለው አየሩ በእመቃ ብዛት እጅግ ስለሚግል ነው። ሩዶልፍ ዲዝል በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ አሠርቶ ባስፈተነ ጊዜ፣ ነዳጁ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው በታመቀ አየር ተገፍቶ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው የአየር መጭመቂያ ትልቅና ከባድ ስለ ነበረ ሞተሩ ከፋብሪካና ከመርከብ ወጥቶ መንገድ ላይ እስኪሄድ ብዙ ዓመታት ፈጀበት። በመኪና ላይ በስፋት ሊገጠም የቻለው የሮበርት ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 የናፍጣ ፖምፓ በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህ ነው። የናፍጣ መኪና ታሪክ በአብዛኛው የፖምፓ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፖምፓው ናፍጣውን የሚልከው ፒስቶኑ በእመቃ ምት ወደ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ምክንያቱም የተረጨው ናፍጣ ወዲያው አይቀጣጠልም፤ በኖ፣ ተንኖ፣ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ እስኪነድ ድረስ በግምት አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። ይህ ጊዜ ለሰው ምንም አይደለም። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ለሚዞር ሞተር ግን አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ማለት የክራንክሻፍቱ 12 ዲግሪ ጉዞ ነው። ፋብሪካዎች ናፍጣውን አስቀድመው የሚያስልኩት ለዚህ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በመርሴዲስ 240 ዲ መኪና ላይ በተገጠመው ኦ.ኤም. 616 በተባለው ሞተር፣ ፖምፓው መላክ የሚጀምረው ከላይኛው ጫፍ 24 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። ሌላው ሞተር ሌላ ቁጥር አለው፤ የአንዱን ለሌላው ማዋል አይቻልም።

አንድ ዲግሪ በዐይን ሲታይ ምን ያህል ነው? ዲያሜትሩ 400 ሚሊሜትር በሆነ ቮላኖ ዙሪያ ላይ 3.5 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ዲያሜትሩ 180 ሚሊሜትር በሆነ የፊት ፑሌጃ ላይ 1.6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ፖምፓው ጋ ሲደረስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብባል። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ፖምፓው የሚዞረው በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለ ሆነ፣ በፖምፓው ላይ የተሠራ የአንድ ዲግሪ ስሕተት በሞተሩ ላይ ሁለት ዲግሪ ሆኖ ይቆጠራል። የፖምፓው መገጣጠሚያ 100 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ ያ ሁለት ዲግሪ ማለት አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ፈቀቅታ ነው። «ትንሽ ነካ አደረግሁት» የሚለው አነጋገር፣ በጋራዥ ደጃፍ በየቀኑ የሚሰማው፣ በቁጥር ሲተረጎም ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዲግሪ ሆኖ ይገኛል።

ናፍጣው ከሚገባው በላይ ቀድሞ ከተረጨ፣ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ያለው ፒስቶን የሚነደውን ጋዝ እየገፋ ለመውጣት ይገደዳል። ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ሞተሩ በብረት ድምፅ ያንኳኳል፤ ቆይቶም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ፒስቶኑም ይጎዳል። ዘግይቶ ከተረጨ ደግሞ ነዳጁ ፒስቶኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ እየነደደ ሙቀቱ ለሥራ ሳይውል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ጠዋት ነጭ ጭስ፣ ጭነት ሲበዛ ጥቁር ጭስ፣ የጉልበት ማነስና የናፍጣ ብክነት ይከተላል። ሞተሩ ግን ሲዘገይ ለስላሳ ድምፅ ያሰማል። የችግሩ አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ለጆሮ ደስ የሚለው ሞተር ሁልጊዜ ደኅና ሞተር አይደለምና።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። አባባሉ የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ በመኪና ባለቤት ላይም በሚገባ ይሠራል። ሁለት ዓመት በአንድ ሚኒባስ ላይ የተቀመጠ ሾፌር የሞተሩ ድምፅ ቀስ በቀስ መለወጡን አይሰማም። በአንድ ማለዳ ግን፣ ለምሳሌ ብርድ በጸናበት በኅዳር ወር፣ ድንገት የሰማው ይመስለውና ትናንት የመጣ በሽታ አድርጎ ይቆጥረዋል። መካኒኩ በበኩሉ ሞተሩን ከዚያ በፊት አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሌሎች ሞተሮችን ነው። እርሱም ያንን ድምፅ ከሚያስታውሰው ከሌላ ሞተር ድምፅ ጋር አስተያይቶ ፖምፓውን ያዞራል።

ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ይህ የጆሮ ሥራ የሚያስከትለው ጉዳት ከሌላው ቦታ ሁሉ ይከፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ስለሚሳሳ ናፍጣው ለመቀጣጠል ይዘገያል፤ ሞተሩም ይሰንፋል። አዲስ አበባ ውስጥ የሰነፈውን የጭነት መኪና ሞተር በጆሮው የሚያስተካክል ሰው፣ ጉልበት ለመመለስ ሲል ርጭቱን ያስቀድማል፤ መኪናውም በእርግጥ ሕይወት ይዘራል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ በባሕር ወለል፣ በከባድ ሙቀት፣ ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ ይነሣል። በዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ መቀጣጠሉ ይፈጥናል፤ አዲስ አበባ ላይ መድኃኒት የነበረው ቅድሚያ እዚያ መርዝ ይሆናል። ሞተሩ ገላፊ ላይ ወይም ሚሌ ላይ ቢፈነዳ፣ ሾፌሩ የሚረግመው በረሃውን ነው። ፖምፓውን አዲስ አበባ ላይ የነካውን ሰው የሚያስታውስ የለም። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. በፊት የአሰብ መንገድ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመንም ነገሩ ያው ነበር፤ ከጣርማ በር ከፍታ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ መኪና በአንድ ጉዞ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት ያቋርጥ ነበር። ፋብሪካው ያወጣው ቁጥር እነዚህን ሁሉ ቦታዎች እንዲችል ታስቦ የተወሰነ አማካይ ነው። ለከፍታ ማስተካከያ የሚፈቅድ ፋብሪካ ካለም፣ ፈቃዱን በዲግሪ ለክቶ በመጽሐፉ ውስጥ ያሰፍረዋል።

እዚህ ላይ መካኒኩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የኢትዮጵያ መካኒክ ሙያውን የወረሰው ከእጅ ወደ እጅ እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። ቋንቋው ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ፖምፓ፣ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያን ጋራዦች የተረፉ ናቸው። የመኪናው መጽሐፍ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ መሐንዲሱም የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በአንድ ቋንቋ፣ እጁ በሌላ ቋንቋ ተለያይተው ይኖራሉ። የዲግሪውን ምሥጢር በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሮ የሚያስረዳው መሐንዲስ አንድ ዳዶ እንኳ ሳይፈታ ሊመረቅ ይችላል። አንድን ፖምፓ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታው መካኒክ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ያለው ሞተር 18 ይሁን 24 አያውቅም፤ ጠይቆም የሚመልስለት የለም።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ በምሳሌነት ቢታሰብ መልካም ነው። በካምፑ ውስጥ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ያለው ጄኔሬተር አለ። ሞተሩ 50 ኸርዝ መብራት ለመስጠት በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል። ከሰኞ ጀምሮ ኳኳታ አምጥቷል፤ ሲነሣም ነጭ ጭስ ይበዛዋል። ወጣቱ መሐንዲስ መጽሐፉን ገልጦ 18 ዲግሪ የሚል አገኘ። ሽማግሌው መካኒክ ደግሞ መፍቻውን ይዞ ቀርቧል።

«ኢንጂነር፣ ፖምፓውን ትንሽ ላዘግየው፤ ድምፁ ይስተካከላል» አለ።

«ጋሼ፣ እስከ እሑድ ደኅና ነበር አይደል? ታዲያ ከእሑድ ወዲህ ፖምፓውን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም።»

«ካልተነካስ በምን ተለወጠ?»

መካኒኩ ዝም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበርና። በጥርስ የሚነዳ ፖምፓ፣ ብሎኖቹ ካልላሉ ወይም ጥርሱ ካልተበላ በቀር፣ ጊዜው በራሱ አይለወጥም፤ በአንድ ሌሊትማ ከቶ አይለወጥም። ካቴና ወይም ቺንጋ ያለው ሞተር ከዕድሜ ብዛት ሊዘገይ ይችላል፤ ያም ቢሆን በወራትና በዓመታት እንጂ በሁለት ቀን አይሆንም። የሆነው ሆኖ ሁለቱም ለኩ፤ ቮላኖው ላይ ያለው ምልክት 18 ላይ ቆመ። እንግዲህ ፖምፓው ንጹሕ ነው። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ዝም አለ፤ ተራው የመካኒኩ ጆሮ ሆነ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቧንቧዎች ዳዶ በጨርቅ ሸፍኖ አንድ በአንድ አላላ። የመጀመሪያው ሲላላ ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ኳኳታው ግን ቀጠለ። ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንዲሁ። የአራተኛው ሲላላ ኳኳታው ጠፋ። አራተኛው ኖዝል እየረጨ ሳይሆን እየተንጠባጠበ ኖሯል። መካኒኩ እንዳሰበው ፖምፓው ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ለአንድ በሽተኛ ኖዝል ሲባል አምስት ጤነኛ ሲሊንደሮች በታመሙ ነበር፤ ድምፁ ለጊዜው ስለሚለዝብም በሽታው ተሸፍኖ በሰነበተ ነበር።

ከዚህ ምሳሌ የሚታየው የጆሮ ትክክለኛ ቦታ ነው። ጆሮ አንዱን ሲሊንደር ከሌላው ለማመዛዘን ከማናቸውም መሣሪያ አያንስም፤ 18ን ከ22 ለመለየት ግን አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ባለ ንብረቱ በገዛ እጁ ሊሠራ የሚችለው ምን ያህሉን ነው? በረድፍ የተሠራ ፖምፓ ባላቸው በአሮጌዎቹ የጭነት መኪናዎች፣ ትራክተሮችና ጄኔሬተሮች ላይ፣ ጊዜውን መለካት ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ጠብታ በመቁጠር የሚሠራው የቆየ ዘዴ ዛሬም ይታመናል። የመጀመሪያው ሲሊንደር በእመቃ ምቱ ላይ መሆኑ ሁለቱም ቫልቮች መዘጋታቸውን በማየት ይረጋገጣል፤ ይህ ካልተረጋገጠ ሥራው ሁሉ ለአንድ ሙሉ ዙር ስሕተት የተጋለጠ ነው። የማጥፊያው ገመድ ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ይታሰራል። ከዚያ የአንደኛው ቧንቧ ይፈታል፤ በውስጡ ያለው የመውጫ ቫልቭና ሞላው ወጥተው በንጹሕ ናፍጣ በተሞላ ዕቃ ይቀመጣሉ፤ በቦታቸው እንደ ዝይ አንገት የተቆለመመ ቀጭን ቧንቧ ይታሰራል። በእጅ ፖምፓ ግፊት ሲሰጥ ናፍጣው በዚያ ቧንቧ ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በዝግታ በእጅ ሲዞር፣ ፍሰቱ ይቀንስና በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ወደ መሆን ይደርሳል። ፕላንጀሩ ቀዳዳውን የዘጋው በዚያች ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ቮላኖው ላይ የሚነበበው ዲግሪ እውነተኛው ቁጥር ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ቀላል ነገር ነው። ምልክቱን ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ መልሶ ያነባል። በጥርሶቹ መካከል ጥቂት ክፍተት ስላለ፣ ወደ ኋላ የተመለሰ ሞተር የሚሰጠው ቁጥር ሐሰተኛ ነው። ያለፈ እንደ ሆነ ሩብ ዙር ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እንደ ገና በሥራው አቅጣጫ ቀስ ብሎ መምጣት ያስፈልጋል። ሁለት ልኬት አንድ ዐይነት ቁጥር እስካልሰጠ ድረስ ምንም ብሎን አይላላም። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ርቆ ከተገኘና የመራቁ ምክንያትም ከታወቀ፣ ፖምፓውን የያዙት ብሎኖች ይላላሉ፤ የፖምፓው አካል ዘንጉ ከሚዞርበት አቅጣጫ ተቃራኒ ሲገፋ ርጭቱ ይቀድማል፣ ከዘንጉ ጋር ሲገፋ ይዘገያል። ጠብቆ ከታሰረ በኋላ እንደ ገና ይለካል፤ ብሎን ሲጠብቅ ፖምፓውን ይዞት ፈቀቅ ማለቱ የተለመደ ነውና።

የባለ ንብረቱ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ፖምፓውን መክፈት የፖምፒስት ሥራ ነው። በፕላንጀሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ሲሆን፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ሊነጻጸር እንኳ አይችልም፤ በደጅ የተከፈተ ፖምፓ በነፋስ ያመጣው አቧራ ብቻ ይበቃዋል። ከዚህም በላይ ባለ ስድስት ሲሊንደር ፖምፓ ስድስቱንም ፕላንጀሮች በትክክል በየ60 ዲግሪው ሊያስልክ፣ ለሁሉም እኩል ናፍጣ ሊሰጥ ይገባዋል። ይህን መፈተሽ የሚቻለው በመፈተሻ ማሽን ላይ ታስሮ፣ በታወቀ ፍጥነት እየዞረ፣ የእያንዳንዱ መጠን ባለ መስመር ብርጭቆ ውስጥ ሲነበብ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ርጭቱን በራሱ የሚያስቀድመው ክፍልም ቆሞ በተለካ ሞተር ላይ አይታይም። የጠብታው ልኬት ትክክል ሆኖ ሳለ ሞተሩ በፍጥነት ጊዜ ቢሰንፍ፣ ጥርጣሬው ወደዚያ ይሄዳል፤ የፖምፒስቱም ክፍያ ተገቢ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ለገንዘብ ሲባል ከቶ መደፈር የለበትም። የተፈታ ኖዝል ከሞተሩ ውጭ ሲረጭ በእጅ ሊዳሰስ አይገባም። የድሮዎቹ ኖዝሎች እንኳ የሚከፈቱት ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት ነው፤ ያ ርጭት ቆዳን በስቶ ናፍጣውን ከሥጋ ውስጥ ያስገባል። ቁስሉ ሲታይ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለ ሆነ ይናቃል፤ ነገር ግን ጣት ወይም እጅ ሊያሳጣ ስለሚችል፣ እስኪያብጥ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ በገዛ እጁ መሥራት የሚገባው የገጠር ወፍጮ ባለቤት ነው። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ሞተር በዝግታ ይሠራል፤ ብዙ ቦታ ከጋራዥ የራቀ ነው፤ ሲቆም ደግሞ የሚቆመው አንድ መኪና ብቻ አይደለም። ሴቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው መጥተው ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ሞተሮች ላይ ጊዜው የሚስተካከለው በፖምፓው ሥር በሚገቡ ስስ የብረት ወይም የወረቀት ሉሆች ነው፤ አንድ ሉህ ሲጨመር ርጭቱ ይዘገያል፣ ሲቀነስ ይቀድማል። በሌሎቹ ላይ ከፖምፓው ሥር ያለው ብሎን ሥራውን ይፈጽማል። ይህ ለማንም አስተዋይ ሰው የሚከብድ አይደለም፤ የሚከብደው ፖምፓው ለጓርኒሲዮን ለውጥ በተነሣ ጊዜ ስንት ሉህ እንደ ነበረበት ማስታወስ ነው። ሉሆቹ ጠፍተው በካርቶን የተተኩበት ወፍጮ ብርቅ አይደለም።

የሚኒባሱ ነገር ከዚህ ይለያል። በታክሲነት ከሚሠሩት ቶዮታዎች በብዙዎቹ ላይ ያለው ፖምፓ በረድፍ የተሠራ ሳይሆን በአንድ ፕላንጀር ለሁሉም ሲሊንደር የሚያከፋፍል ነው። የእርሱ ጊዜ የሚለካው በጠብታ አይደለም፤ ከኋላው ያለው ብሎን ወጥቶ፣ ዳያል ጌጅ የሚባለው ባለ ሰዓት መለኪያ ገብቶ፣ ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፕላንጀሩ ስንት እንደ ተነሣ በሚሊሜትር መቶኛ ይነበባል። የጠዋት ማስነሻው አስቀዳሚ ካልተለቀቀ ንባቡ ውሸት ነው። ይህ መለኪያ የሌለው ባለ ታክሲ ፖምፓውን ከነካ ዕዳውን በራሱ ላይ ጻፈ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ኀላፊነት ከእርሱ አይወርድም። ፋብሪካው የኤል ዐይነት ሞተሮችን ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ለውጡ ብሎ ጽፏል። ቺንጋው በሚለወጥበት ቀን ባለቤቱ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ፣ ሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም የክራንክሻፍቱ፣ የቫልቭ ዘንጉና የፖምፓው፣ ከመሸፈናቸው በፊት በዐይኑ ሊያያቸው ይገባል። ቺንጋው አንድ ጥርስ ዘልሎ የተገጠመ ሞተር ይነሣል፣ ይሄዳልም፤ ለዚህም ነው ስሕተቱ በፖምፓ እየተሸፈነ ለወራት የሚኖረው።

እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በቤት መኪናዎች ላይ የወጣው ኮመን ሬይል የተባለው ሥርዓት ያላቸው ሞተሮች ግን ከዚህ ክርክር ውጭ ናቸው። በእነርሱ ላይ የርጭቱን ጊዜ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው፤ የሚዞር ብሎን የለም። ቢሆንም በእነዚህም መኪናዎች ፊት «ፖምፓውን ነካ ላድርገው» የሚል ሰው አይጠፋም።

ሥራው ለመካኒክ ወይም ለፖምፒስት ሲሰጥ፣ ባለ ንብረቱ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፤ ከመነካቱ በፊት ስንት ዲግሪ ተገኘ፣ ከተነካ በኋላስ ስንት ሆነ፣ ምክንያቱስ ምን ነበር? እነዚህን ሦስት ነገሮች በወረቀት ላይ ለመጻፍ የማይፈቅድ ጋራዥ ዋጋው ቢረክስም ውድ ነው። ለሚጽፍ ጋራዥ ደግሞ የሚጠይቀውን መክፈል ኪሳራ አይሆንም፤ የሚከፈለው ለእጁ ብቻ ሳይሆን ለቁጥሩም ነውና። በመሥሪያ ቤትና በፕሮጀክት ውስጥ ያለ መሐንዲስ የጥገናውን መዝገብ የሚፈርመው እርሱ ስለ ሆነ ይህን ማስለመድ ይችላል። መካኒኩ እንግሊዝኛ የማያነብ ከሆነ፣ ከመጽሐፉ የሚፈለገው አንድ መስመር ብቻ ስለ ሆነ፣ በአማርኛ ተጽፎ ከሞተሩ አጠገብ ቢለጠፍ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

በየፖምፓው መገጣጠሚያ ላይ በመሮ ጫፍ የተጫሩ መስመሮች ይታያሉ። አንዱ ሲፈታ የጫረው፣ ሌላው ሲገጥም የጫረው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ሳያምን የጫረው ነው። የትኛው የፋብሪካው፣ የትኛው የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። አዲስ መስመር መጫር ግድ ሲሆን፣ የቀድሞው አይፋቅም፤ ከአዲሱ ጎን ግን ቀኑና የተለካው ዲግሪ በቀለም ይጻፋል።